የ“እየ” እና የ“ኢንግ” ያልተጠና ጋብቻ

ስልክ ይደወላል። “የት ደረስህ?” ይላል ጠባቂው። “እየመጣሁ ነው” ይላል ተጠባቂው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጠሮ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚህን መልስ ትርጉም አይስተውም፤ ሰውየው ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ካፌ ውስጥ ደግሞ አስተናጋጅ ይጠራል። አስተናጋጁ ከሌላ ጠረጴዛ ሒሳብ እየተቀበለ፣ ዘወር እንኳ ሳይል “መጣሁ!” ይላል። እሱም አልመጣም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ቦታ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ “አይ አም ካሚንግ”። አማርኛችን ግን አንዱን ገና በመሆን ላይ እንዳለ፣ ሌላውን ሆኖ እንዳለቀ አድርጎ ይናገረዋል። በዚህ የሚደናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም። መደናገር የሚጀምረው ይህንኑ ሰው እንግሊዝኛ ልናስተምረው ስንነሣ ነው።

እንግሊዝኛን በአማርኛ ለማስተማር የተዘጋጁትን ትንንሽ የኪስ መጻሕፍት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በመጻሕፍት መደብሮችም በመንገድ ዳርም ይሸጣሉ። ዋጋቸው ቀላል ነው፤ የሚሰጡት ተስፋ ግን ከባድ ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት የአንዱን ስም ጠርቼ ሌላውን ነጻ ላወጣ አልፈልግም፤ ዛሬ የምሞግተው ሠንጠረዥ የሁሉም የጋራ ሀብት ነውና። ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው። በአንዱ “አይ ጎ” ይላል፤ ትይዩው “እሄዳለሁ”። ከሥሩ “አይ አም ጎዪንግ” ይላል፤ ትይዩው “እየሄድኩ ነው”። ቀጥሎም “ፕረዘንት ኮንቲኑየስ አሁን በመፈጸም ላይ ላለ ድርጊት ያገለግላል” የሚል የአንድ መስመር ሕግ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የፊደል ነገር ነው፤ “ኢንግ” ሲጨመር የምትወድቀው ፊደል የትኛዋ እንደሆነች፣ የምትደገመውስ የትኛዋ እንደሆነች። ልምምድ ይከተላል፤ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ነው።

ለእነዚህ መጻሕፍት ውለታ መንሣት አልሻም። መምህር ላላገኘ፣ የማታ ትምህርት መክፈል ላልቻለ፣ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ለሚያነብ ወጣት ባለውለታ ናቸው። ሠንጠረዡም ውሸታም አይደለም። “መሄድ” ለሚለው ግሥ ያለው እውነት ነው። ጥፋቱ አንድ ምስክር ብቻ ጠርቶ ለግሥ ሁሉ መፍረዱ ነው። እስቲ ሌሎች ምስክሮችን እንጥራ።

ተኝቷል፣ ተቀምጧል፣ ለብሷል

አንድ ሕፃን አልጋ ላይ ነው፤ ዓይኑ ተከድኗል፤ ይተነፍሳል። እናቱ ምን ትላለች? “ልጁ ተኝቷል” ትላለች። እንግሊዛዊቷ እናት “ሂ ኢዝ ስሊፒንግ” ትላለች። በሠንጠረዡ ሕግ የእንግሊዛዊቷ አነጋገር ትይዩ “እየተኛ ነው” ሊሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን “እየተኛ ነው” ያልን እንደሆነ ልጁ ገና ጎኑን እያሳረፈ ነው፤ ገና ውኃ ሊጠይቅ ይችላል።

ሌላው ምስክር “መቀመጥ” ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ካለ “ተቀምጧል” እንላለን፤ እንግሊዝኛው “ሂ ኢዝ ሲቲንግ” ይላል። “እየተቀመጠ ነው” ማለት ጉልበቱን እያጠፈ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው “መልበስ” ነው። “ካፖርት ለብሷል” ለምንለው እንግሊዝኛው “ሂ ኢዝ ዌሪንግ” አለው፤ “እየለበሰ ነው” ለምንለው ግን ሌላ ግሥ ያወጣል፤ “ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን” ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሰውየው ከለበሰ በሩን አንኳኩቶ መግባት ይቻላል፤ እየለበሰ ከሆነ ነውር ነው። ቆሟል፣ ይዟል፣ ተጋድሟል፣ ተደግፏል፣ ተንበርክኳል፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

የእነዚህ ግሦች ጠባይ አንድ ነው። አማርኛ የሚያየው ወደ ሁኔታው የተገባበትን ቅጽበት ነው፤ ከተገባ በኋላ ድርጊቱ አልቋል፤ የሚቀረው ውጤቱ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ የሚያየው በሁኔታው ውስጥ ያለውን ቆይታ ነው። ሁለቱም አስተያየቶች ጤነኛ ናቸው። ጤና የሚያጣው በመካከላቸው የቆመው ተማሪ ነው። “ልጁ ተኝቷል” የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልስ ሲባል “ዘ ቦይ ሃዝ ስሌፕት” ይላል፤ ቀይ እስክሪብቶ ይመጣበታል። ተማሪው ግን አማርኛውን በትክክል አንብቧል፤ ያለቀ ነገር አየ፤ እንዳለቀ አድርጎ ጻፈ። ሠንጠረዡ ያን ጊዜ አልደረሰለትም።

ይኸው ሠንጠረዥ በተገላቢጦሽም ይጎዳል። ትርጉም ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው “በመስኮቱ አጠገብ እየተቀመጠ ነበር” የሚል ዓረፍተ ነገር ገጥሞት ያውቃል። ባለታሪኩ ምዕራፉ እስኪያልቅ ይቀመጣል እንጂ ተቀምጦ አይጨርስም። ተርጓሚው “ዎዝ ሲቲንግ” የሚለውን በትምህርት ቤት በተማረው ሠንጠረዥ መለሰው እንጂ እናቱ እንዴት ትለው እንደነበረ አልጠየቀም። እናቱ “ተቀምጦ ነበር” ትል ነበር።

የ“እየ” የራሱ ሀገር

“እየ” እና “ኢንግ” ሲጋቡ የማንም ዘር አልተቆጠረም። “እየ” ግን የራሱ ትውልድ አለው። እየቤቱ፣ እየመንደሩ፣ እየቀኑ፣ እያንዳንዱ ስንል ከስም ጋር ተጣብቆ መደጋገምንና መዳረስን ያመለክታል። ከግሥ ጋር ሲሆንም ይህ ጠባዩ አይጠፋም። “እየመጣ ይጠይቀኛል” ስንል ሰውየው በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ነው ማለታችን አይደለም፤ በየጊዜው ይመጣል ማለታችን ነው። “እያነከሰ ሄደ” ስንል ደግሞ “እየ” አንዱን ድርጊት ለሌላው አጃቢ ያደርገዋል። በመካሄድ ላይ ያለን ድርጊት የሚያመለክተው “ነው” ሲከተለው ነው፤ ይህም ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ ሠንጠረዡ አጠገቡ አስቀምጦት የማያየው ነገር። “እየሄድኩ ነው፣ እየሄድሽ ነው፣ እየሄዱ ነው” እንበል። የሚለዋወጠው ማን ነው? ግሡ ነው። “ነው” እንደ ድንጋይ ቆሟል። አሁን እንግሊዝኛውን እንይ፤ “አይ አም ጎዪንግ፣ ዩ አር ጎዪንግ፣ ሂ ኢዝ ጎዪንግ”። የሚለዋወጠው ረዳቱ ነው፤ ግሡ እንደ ድንጋይ ቆሟል። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ተማሪ “አይ ኢዝ ጎዪንግ” ሲል፣ ወይም ረዳቱን ከነጭራሹ ጥሎ “ሂ ጎዪንግ” ሲል፣ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው “ነው” ስለ አድራጊው ምንም የማይናገር፣ ቁልፍ እንደሚዘጋ በር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ቃል ስለሆነ ነው። ይህን አንድ አንቀጽ በሠንጠረዡ ግርጌ መጻፍ ስንት ቀይ እስክሪብቶ ያድን ነበር!

ነገ፣ ሰሞኑን፣ ሁልጊዜ

“አሁን” የሚለውን ሕግ ደግሞ እንፈትሸው። “ማይ ሲስተር ኢዝ ጌቲንግ ማሪድ ኦን ሰንዴይ” የሚል እንግሊዛዊ ስለ አሁን አልተናገረም፤ ስለ እሑድ ነው የተናገረው። ድንኳኑ ታዝዟል፣ ካርዱ ተበትኗል፤ ነገሩ ቀን ተቆርጦለታል። አማርኛ ለዚህ “እየ”ን አይጠራም። “እኅቴ እሑድ ልታገባ ነው” ይላል። “እያገባች ነው” ያለ ሰው ሙሽራይቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትቷት የወጣ መሆን አለበት።

“ሂ ኢዝ ሊቪንግ ኢን አዳማ” ሲባልም እንደዚሁ ነው። ሰውየው መኖሪያው ሌላ ነው፤ ለጊዜው አዳማ ነው ያለው። “ሂ ሊቭስ ኢን አዳማ” ቢባል ቤቱ እዚያ ነው። የኪስ መጽሐፉ ለሁለተኛው “ይኖራል”፣ ለመጀመሪያው “እየኖረ ነው” ብሎ ያልፋል። የአዲስ አበባ ሰው ግን “ሰሞኑን አዳማ ነው ያለው” ይላል። “ሰሞኑን”! “አሁን” በሚለው ቃል ፋንታ ይህ ቃል በሠንጠረዡ ራስ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። “ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?” ተብሎ የተጠየቀ ሰው በእጁ መጽሐፍ ላይኖር ይችላል፤ መጽሐፉ ራስጌው ነው፤ ገና አልጨረሰውም። እንግሊዝኛው በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ያንኑ “ኢንግ” ነው።

“ሁልጊዜ” ደግሞ አለ። መጽሐፉ “ኦልዌይስ” ባለበት ሲምፕል ፕረዘንት ግባ ይላል። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊ በጎረቤቱ ሲማረር “ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ኮምፕሌይኒንግ” ይላል፤ ሕጉን ጥሶ ሳይሆን ምሬቱን ጨምሮ። ለዚህ ምሬት አማርኛ የተለየ ዕቃ አለው፤ “ሁልጊዜ እንዳጉረመረመ ነው” ይላል። “እንደተጨቃጨቁ ናቸው”፣ “እንዳለቀሰች ነች”። ይህ “እንደ…ነው” ከእንግሊዝኛው ቅሬታ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል፤ ያየሁት አንድም የኪስ መጽሐፍ ግን አላነሣውም።

እንግዲህ ቆጥረን እንደምድም። እንግሊዝኛ አንድ በር ባለው ቤት አማርኛ አራት በር አለው፤ “እየሄደ ነው”፣ “ተኝቷል”፣ “ልታገባ ነው”፣ “እንዳጉረመረመ ነው”። ሠንጠረዡ ሦስቱን ዘግቶ በአንዱ ብቻ ያስገባል። ፕረዘንት ኮንቲኑየስ ሰዓት አይደለም፤ የአስተያየት ቦታ ነው። ተናጋሪው ነገሩን ከውስጥ ሆኖ፣ ገና ያላለቀ፣ ሊለወጥ የሚችል አድርጎ ያየዋል። ይህ ከገባን “አሁን”ም “ነገ”ም “ሰሞኑን”ም በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባሉ።

“በሩን እየከፈትኩ ነው”

በክፍል ውስጥ ይህን ጊዜ ለማስተማር የተለመደ አንድ ትርኢት አለ። መምህሩ ወደ በሩ ይሄዳል፤ “አይ አም ዎኪንግ ቱ ዘ ዶር” ይላል። በሩን ይከፍታል፤ “አይ አም ኦፕኒንግ ዘ ዶር” ይላል። ልጆቹ ተቀብለው ያስተጋባሉ። ድርጊትን በተርታ እየፈጸሙ መናገር በአውሮፓ የቆየ ዘዴ ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ጉዌን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያስፋፋው ነው። ለጀማሪ አይከፋም። ነገር ግን በዓለም ላይ በሩን እየከፈተ ለሚያዩት ሰዎች “በሩን እየከፈትኩ ነው” የሚል ጤነኛ ሰው የለም። የሚያየው ሰው ያያል፤ አይነገረውም።

ይህ አነጋገር የሚያስፈልገው የማያይ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ቤቱ ስልክ ነው፤ ደብዳቤ ነው፤ ፎቶግራፍ እያሳዩ ማስረዳት ነው፤ የመዘግየት ምክንያት መስጠት ነው። በአንጻሩ ዓይን እያየ፣ “አሁን” ከማንም በላይ አሁን ሆኖ ሳለ፣ የእንግሊዝ የእግር ኳስ ዘጋቢ ኳሷን ሲከተል ሲምፕል ፕረዘንት ይጠቀማል፤ “ያቀብላል፣ ይመታል” እንደማለት። ድርጊቱ ከቃሉ ጋር እኩል ተጀምሮ እኩል ስለሚያልቅ፣ ከውስጡ ገብቶ የሚታይበት ፋታ የለውም። የ“አሁን” ሕግ እዚህ ላይ ብቻውን ይወድቃል።

ሕጉ ለእንግሊዝኛው ለራሱም ዘላለማዊ አልነበረም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱልን በሼክስፒር “ሐምሌት” ውስጥ መጽሐፍ ይዞ የሚያነበውን ልዑል ፖሎኒየስ ምን እንደሚያነብ ይጠይቀዋል። በእንግሊዝኛው የጠየቀበት አነጋገር “ኢንግ” የለበትም። ተውኔቱ የተጻፈው በ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ በዛሬው የኪስ መጽሐፍ ልምምድ ቢታረም ፖሎኒየስ ነጥብ ይጎድልበታል። “ዘ ሃውስ ኢዝ ቢዪንግ ቢልት” የሚለው አነጋገርም፣ “ቤቱ እየተሠራ ነው” እንደምንለው ማለት ነው፣ የተለመደው ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ሲሆን በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሰዋስው ሰዎች አስቀያሚ ብለው አውግዘውታል። ዛሬ ያለ እሱ ጋዜጣ አይወጣም። ይህን የማነሣው ተማሪን በታሪክ ለማድከም አይደለም፤ ሕግ ብለን በሕፃን ራስ ላይ የምንቆልለው ነገር የሰው ልማድ መሆኑን መምህሩ እንዲያውቀው ነው።

የተሳቀበት ማመልከቻ

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልደከምኩ። አንድ ጊዜ የሥራ ማመልከቻ ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። የአንዱ አመልካች ደብዳቤ “አይ አም ኖዊንግ አካውንቲንግ ቬሪ ዌል፤ አይ አም ሃቪንግ ፋይቭ ዪርስ ኤክስፒሪየንስ” ይል ነበር። ተነበበ፤ ተሳቀ፤ ወረቀቱ ወደ ግራ ክምር ሄደ። እኔም ስቄአለሁ። ሰውየው ሒሳብ ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በኋላ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ሳስብ አማርኛውን አገኘሁት። “እያወቀ ዝም አለ”፣ “እያለው ይለምናል” እንላለን። ማወቅም መኖርም በአማርኛ “እየ”ን ይቀበላሉ። እንግሊዝኛ ግን ማወቅን፣ መኖርን፣ ማመንን የመሳሰሉ ግሦች ጅማሬና ፍጻሜ እንደሌላቸው ቆጥሮ “ኢንግ”ን ይነፍጋቸዋል። የኪስ መጽሐፉ “እየ እኩል ይሆናል ኢንግ” ብሎ አስተምሮ፣ ሰውየው የተማረውን ቢያደርግ ማን ነው የሚሳቅበት?

በዚህ ስሕተት የተሳቀበት እሱ ብቻ አይደለም። የሕንዳውያን እንግሊዝኛ በዚሁ ጠባዩ የታወቀ ነው። የሙምባዩ ባለቅኔ ኒሲም ኤዜኪኤል “ጉድባይ ፓርቲ ፎር ሚስ ፑሽፓ ቲ ኤስ” በተሰኘ ግጥሙ ወደ ውጭ አገር ለምትሄድ የሥራ ባልደረባ የሚደረግ የስንብት ንግግር ጽፏል፤ ተናጋሪው ያገኘውን ግሥ ሁሉ “ኢንግ” እያለበሰ ያሰልፈዋል። አንባቢ ይስቃል፤ ግጥሙ ሲያልቅ ግን የተናጋሪው ደግነትና ባዶነት አብረው ይቀራሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በርካታ ሕንዳውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶቻችን አስተምረዋል፤ የትውልዱን እንግሊዝኛ ካቆሙት መካከል እነሱ ይገኙበታል። የሕንድ እንግሊዝኛ ዛሬ በራሱ እግር የቆመ የእንግሊዝኛ ዓይነት ሆኖ ይጠናል፤ የእኛው አመልካች ግን ጠበቃ የለውም።

ጉዳቱ ከወረቀት ክምርም ሊያልፍ ይችላል። “ልጁ አይበላም” የሚለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። አይበላም ማለት እንደ ልማዱ አይበላም፣ ሰሞኑን መብላት ትቷል፣ ወይም ዛሬ ማታ አይበላም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ተረኛዋን ስትተካ ይህን በእንግሊዝኛ ልታስረክብ ነው እንበል። “ሂ ደዝ ኖት ኢት” ካለች የልጁን ጠባይ ተናገረች፤ “ሂ ኢዝ ኖት ኢቲንግ” ካለች አዲስ የሕመም ምልክት ተናገረች። ሐኪሙን ከወንበሩ የሚያስነሣው ሁለተኛው ነው።

ምን ይደረግ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። አንድ ልጅ “ኢንግ”ን ሳያገኝ የሚያልፍበት የትምህርት ዓመት አልነበረም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ዓመት ተገናኝተው ካልተዋወቁ ጥፋቱ ከድግግሞሽ ማነስ አይደለም።

የጎደለው አማርኛውን መጠየቅ ነው። ዕቃው ሞልቷል። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ሰዋስው አለ፤ በ1987 ዓ.ም. የታተመው የፕሮፌሰር ባዬ ይማም “የአማርኛ ሰዋስው” አለ፤ ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ለባዕዳን ያሳተመው ከአንድ ሺህ ገጽ የሚበልጥ የአማርኛ ሰዋስው አለ። የኪስ መጽሐፍ አዘጋጅ ይህን ሁሉ ይገልብጥ አልልም። ግሦቹን ግን በቤተሰብ ይክፈላቸው፤ እንደ “መሄድ” ያሉትን ለብቻ፣ እንደ “መተኛት” ያሉትን ለብቻ፣ እንደ “ማወቅ” ያሉትን ለብቻ ያስቀምጣቸው። ከ“አሁን” ጎን “ሰሞኑን”ን ይጻፍበት። “ል…ነው” እና “እንደ…ነው” ለሚሉት አንዳንድ ገጽ ይስጣቸው። መምህሩም ከበሩ ላይ ይመለስና ሁለት ልጆችን ጀርባ ለጀርባ አስቀምጦ ስልክ ያነጋግራቸው፤ የማይተያዩ ሰዎች “ምን እያደረግህ ነው?” መባባላቸው የግድ ነው።

ያ አመልካች ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እንደ መጽሐፉ ቢሆን እንዳወቀ አድርጎ ነበር የጻፈው፤ እንደ እኛ ፍርድ ግን ባለማወቁ ወደቀ። አስተናጋጁ “መጣሁ” ሲል ማንም አልሳቀበትም፤ ሁላችንም ምን ማለቱ እንደሆነ ስለምናውቅ ጠበቅነው። ያንኑ ትዕግሥት በእንግሊዝኛ ለሚንተባተበው ወንድማችን ብንሰጠው፣ ከትዕግሥቱም ጋር የተሻለ መጽሐፍ ብንሰጠው፣ እሱም ይደርሳል።